ጋሽ ከይረዲን ወደፊት ሊያሻሽለው ያሰበው

ጋሽ ከይረዲን መሞቱን ስሰማ ከማልቀሴ በፊት ፈራሁ።

የነገረችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባችን ናት፤ ስልክ ደውላ። «ወልቂጤ ነው ያረፈው። ጉበቱን ታሞ ነበር አሉ። ትናንት ወደ አገሩ ወደ መስቃን አምጥተው ቀበሩት» አለችኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ «ዘይቱና ሰምታለች?» አልኳት። «ዘይቱና ደግሞ ምን አገባት?» አለች። ልጄ ምሕረት አልጋው ጠርዝ ላይ ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ታየኛለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። «ማን ሞተ፣ እማ?» አለችኝ። «የማታውቂው ሰው» አልኳት። ዋሸሁ፤ ታውቀዋለች።

የፈራሁት ይህን ነው። ጋሽ ከይረዲን በእኔ ቦታ የቆመ ሰው ነው። ለእኔ የሚገባውን እርግማን ዘጠኝ ዓመት ተሸክሞ ነው የሞተው። በእኛ አገር እርግማን ተሸካሚውን ሲያጣ እውነተኛውን ጥፋተኛ ፈልጎ ዘሩ ላይ ያርፋል ይባላል። የእኔ ዘር ደግሞ ልቧ የተሰፋ፣ ሐኪም «መውለዱ ያሰጋታል» ያላት አንድ ልጅ ናት።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይለፈኝ።

ቡታጅራ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት ክሊኒክ በኮንትራት የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ጋሽ ከይረዲን ካርድ ክፍል ነበር፤ ኮምፒውተሮቹም የእሱ ኃላፊነት ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብስ ሰው። ጠዋት ሲገባ ሰላምታ ከማቅረቡ በፊት ከጠረጴዛው ሥር ያለው ትልቁ የብረት ሳጥን ላይ ጆሮውን ይለጥፋል፤ ሐኪም ደረት ላይ እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀና ይልና «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድራለች» ይላል። ሠራተኛው «ጋሽ ወደፊት» ነበር የሚለው። ምክንያቱም አንዲት ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፤ ሽፋኗ ላይ «ወደፊት የሚሻሻሉ» ብሎ ጽፎባታል። ችግር ባየ ቁጥር እሷ ላይ ያሰፍራል።

«ጋሽ ወደፊት! ዛሬስ መቼ ነው?» ትለዋለች መርፌ ወጊዋ።

«ዛሬማ አለፈ፣ ልጄ» ይላታል ሳይስቅ። እኛ ነን የምንስቀው።

አንድ ቀን ወለሉን እየወለወልኩ «ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ውስጡ ምን አለ፣ ሁልጊዜ የሚያንሾካሹክ?» አልኩት። ለእኔ ቢጤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልስ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ወንበር ሰጠኝ። ከሻይ ክበብ አራት ስኒ አስመጣ፤ ከኪሱ የባቄላ ቆሎ አወጣ።

«እነዚህ ሦስቱ ስኒዎች የሰው ካርድ የሚቀመጥባቸው ዲስኮች ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ወይ አንድ ባቄላ አድርጊ፣ ወይ ባዶውን ተዪው። እንደፈለግሽ።»

ሦስቱም ላይ አደረግኩ።

«አሁን ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ቁጠሪ። አንድ ከተረፈ አራተኛው ስኒ ላይ ጓደኛ ጨምሪለት። ካልተረፈ አራተኛው ባዶ ይሁን።»

አንድ ተረፈ፤ አራተኛው ላይ ጨመርኩ። «በይ አሁን ፊቴን ሳዞር ከሦስቱ አንዱን ደብቂ» አለ። ደበቅኩ። ዞሮ የቀሩትን አየና «የደበቅሽው ባቄላ አለበት» አለኝ። እየቀያየርኩ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከርኩት፤ አንድም አልሳተም።

«ጥንቆላ ነው!» አልኩት።

«ምን ጥንቆላ አለው፣ እቴ! አራተኛው ምስክር ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢሞት የሞተው ምን ይዞ እንደነበር ምስክሩና የቀሩት ሁለቱ ተማክረው ይነግሩሻል። ግን ምስክር የሚያውቀው የነገሩትን ነው። ስኒው ከተሰረቀ በኋላ እንደገና ቆጥረሽ ብትነግሪው የሚመሰክረው ለሌባው ነው።»

ይህ ሁሉ በዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ከተጣሉ ኮምፒውተሮች የለቀማቸው አራት ዲስኮች። ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርዶታል፤ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እሱ ግን እየፈታ እየገጠመ የራሱ አድርጎት ነበር። በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ ለምስክሩ የዕለቱን መንገር ያስፈልጋል። እሱ በማይኖርበት ቀን ይህን እንዳደርግ ያስተማረኝ እኔን ነው። ሁለት ቁልፍ ነው የሚነካው። ልብሴን ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ነበር የምነካው። ኮምፒውተር የምትነካ ጽዳት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ኮርቼ ነበር፤ ምን ልደብቅ።

ስለ ደብተሩ ላውራ። አንድ ቀን ከፍቶ አነበበልኝ። አንደኛ፣ ብዙ ፋይል ባንዴ ከጠፋ ፕሮግራሙ ይቁም፤ ምስክሩን አያድስ፤ ሰው ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ ከየዲስኩ ጥቂት ጥቂት እየገለጠ ያልተበላሸ መሆኑን ይይ። «ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆጮ ካልከፈቱት አለ አይባልም» ብሎ ነበር ስለዚህኛው፤ እናቱ ጉድጓዱን በየጊዜው ከፍታ የላዩን ቅጠል ስትቀይር እያየ ነው ያደገው። ሦስተኛ፣ ምስክሩ ሁለት ይሁን፤ ሁለት ዲስክ ባንዴ ቢሞት እንኳ እንዳይቸግር። አራተኛ፣ የፕሮግራሙ መልእክት ሁሉ በአማርኛ ይሁን፤ አስካለ እንድታነበው።

አስካለ እኔ ነኝ። ስሜ ደብተር ላይ ተጽፎ ሳይ ደነገጥኩ። ከጥቂት ወር በኋላ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ይል የነበረውን ትቶ በአረንጓዴ ፊደል «በሰላም ተጠናቀቀ» ይለኝ ጀመር።

ያን ዓመት ከአዲስ አበባ የልብ ሐኪሞች መጡ። ምሕረት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቶንሲል ነው የጀመራት፤ ኋላ ልቧ ላይ ወረደ አሉኝ። ሐኪሞቹ ያመጡት መሣሪያ የአሥራ አንድ ልጆችን ልብ ፎቶ አነሳ። ሥዕሉ እኛ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ከይረዲን በሲዲ ገልብጦ ሊልክ፣ አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ አይተው ለቀዶ ጥገና ሊመርጡ ነው። ሥዕል የሌለው ልጅ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል።

ወረፋ ስንጠብቅ ከዘይቱና ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን። ዘይቱና በርበሬ ነጋዴ ናት። ልጇ ሰሚራ የምሕረት እኩያ ነበረች። ሁለቱ ተራ በተራ አንዷ የሌላዋ ደረት ላይ ጆሮዋን እያደረገች «ያንቺ ይበልጣል! ያንቺ ነው የሚጮኸው!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እኔና ዘይቱና ተያየን፤ አልሳቅንም።

ሐኪሞቹ በሄዱ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ ጋሽ ከይረዲን ቡኢ ለቅሶ ሄደ። ሲዲውን ሰኞ ሊልክ ነበር። በር ላይ ቆሞ «አስኩ፣ እንደ ልማድሽ ታደርጊዋለሽ። ግን ሳጥኑ ቋ ቋ ካለ ምንም እንዳትነኪ። ደውይልኝ» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ በኃይል መጣ፤ የኮሪደሩ አምፖል ፈነዳ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ሳጥኑ ውስጥ ግን ዶሮ ቆርቆሮ እንደምትቆረቁር ያለ ድምፅ ሰማሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ደወልኩ። ማግኘት አይችሉም አለችኝ የስልኳ ሴትዮ። አሁንም ደወልኩ። በዚህ መሐል የክሊኒኩ ግምገማ ሰብሳቢ ገባ። ያኔ ሁላችንም አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር፤ እያንዳንዱ ቡድን የቀኑን ሥራ ቅጽ ላይ «ተጠናቋል» ብሎ መፈረም ነበረበት።

«አስካለ፣ የካርድ ክፍሉ አልተፈረመም እኮ!»

«ጋሽ ከይረዲን እስኪያነሳ ነው...»

«ከይረዲን ከሌለ ሥራ ይቆማል? የአምስታችሁ ውጤት ባንቺ ምክንያት እንዲወርድ ነው የምትፈልጊው? ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

የሚያልቀው በሚቀጥለው ወር ነበር። ሰውዬው ከጀርባዬ ቆሟል። ሳጥኑ ቋ ይላል። ሁለቱን ቁልፎች ነካሁ።

የፊደል መዓት እንደ ጎርፍ ወረደ። «ዲስክ ሁለት፦ ተወግዷል፣ ተወግዷል፣ ተወግዷል» ሲል እያነበብኩ ነበር። በአማርኛ ነው፤ ላላነበው አልችልም። መጨረሻ ላይ በአረንጓዴ «በሰላም ተጠናቀቀ» አለ። ቅጹ ላይ «ተጠናቋል» ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ ጋሽ ከይረዲን ጆሮውን ሳጥኑ ላይ አሳረፈና ሳያነሳ ብዙ ቆየ።

«ትናንት ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«ድምፁን ሳትሰሚ ነው፣ ከሰማሽ በኋላ?»

«ከሰማሁ በኋላ።»

አልጮኸብኝም። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዲስኩ ሞቶ ነበር፤ የሞተው ምን ይዞ እንደነበር ምስክሩ እስከ ትናንት ከሰዓት ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ ያስረሳሁት። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «የምሕረትስ?» ነው።

ኮምፒውተሩን አየና «ምሕረት ዲስክ አንድ ላይ ናት። አለች» አለኝ።

«ተመስገን!» አልኩ። ጮክ ብዬ። የአራት ልጆች ልብ የለም ከማለቱ በፊት። ከአራቱ ያነበበው የመጀመሪያ ስም የሰሚራ ነበር።

ዲስኩን አዲስ አበባ ድረስ ይዞ ሄደ። ውስጡ ተፋፍቋል፣ አይመለስም አሉት። ሐኪሞቹ ዘንድም ሄዶ ለመነ፤ መሣሪያው ወደ ሌላ አገር ተጭኗል፣ ለዓመቱ ተመዝገቡ አሉት። ዘይቱና ሰሚራን ይዛ በራሷ አዲስ አበባ ወጣች፤ ከወራት በኋላ የሚሆን ቀጠሮ ሰጥተዋት ተመለሰች።

ከዚያ ግምገማ ተጠራ። ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሽ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዞ «ቁልፉን ማን ነው የነካው?» አለ። ከጀርባዬ ቆሞ ያስነካኝ እሱ ራሱ መሆኑን ያውቃል። እኔን አላየኝም። እኔም ጫማዬን ነበር የማየው።

ጋሽ ከይረዲን ተነሳ። «ፕሮግራሙ የእኔ ነው። መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ጽፌዋለሁ።» ደብተሯን አወጣ። የዋህነቱ! ማስረጃ ብሎ ነው ያወጣት፤ ለራሱ የሚሆን ማስረጃ።

«አንብበው» አለው ሰብሳቢው።

አነበበ። ብዙ ፋይል ባንዴ ከጠፋ ፕሮግራሙ ይቁም።

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«የዛሬ ዓመት።»

«ጓዶች፣ ሰማችሁ? ጉድለቱን ዓመት ሙሉ በጽሑፍ ይዞት ነበር! ይሄ ስሕተት አይደለም፤ አውቆ መተው ነው። ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?»

ጋሽ ከይረዲን ደብተሩን አየ። ገጹ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ብሎ የሰረዘው አራተኛውን ብቻ ነበር፤ የእኔ ስም ያለበትን። አላነበበውም።

«ሌላ አስቀደምኩ» አለ።

ደብተሯን ወስደው ከማኅደሩ ጋር አሰሯት። እሱን አሰናበቱት። የእኔ ኮንትራት ታደሰ።

ምሕረት ተመረጠች፤ ታከመች። ሰሚራ ክረምቱን አልዘለቀችም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ጋሽ ከይረዲን ሊያስተዛዝን መጣ። ሰው ሁሉ አትሂድ ብሎት ነበር። ዘይቱና ስታየው ነጠላዋን ጥላ ተነሳች።

«አውቆ ነው! በጽሑፍ ይዞት ነበር! እኔን ባዶ እንዳስቀረኸኝ አላህ ባዶ ያስቀርህ! ቤትህ የልጅ ድምፅ አይስማ!»

እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሚን» አለ።

በገዛ እርግማኑ ላይ አሚን የሚል ሰው ያኔ ነው ያየሁት። አሮጊቶቹ አፋቸውን ያዙ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የኮንትራቱ ነገር አሳስቦኝ አይደለም፤ ያኔስ ምሕረት ነበረች በዓይኔ ላይ፤ ደረቷ ላይ ያለው ስፌት ገና አልደረቀም ነበር።

መንገድ ላይ ሮጬ ደረስኩበት። «ጋሼ፣ ምን አደረግክ? አንተ ገና አልወለድክም! ሚስትህ ልጅ ናት!»

«እርግማን የሚያርፈው አላህ ከፈቀደ ነው» አለኝ።

«እኔ ግን እፈራለሁ!»

«ስለምትፈሪ ነው እንግዲህ» አለ። «አንቺ ያለሽን ልጅ ነው የምታጪው። እኔ የምሰጠው ገና ያላየሁትን ነው። ሂጂ፣ ልጅሽ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ደርሷል።»

ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ሄድኩ።

እሱ ወልቂጤ ገብቶ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ምሕረት ስትጠነክር ይዣት ሄድኩ። ከሰው ቀልድ የሚሸሽ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ሆኖ አገኘሁት። አዲስ ደብተር ነበረው። ምሕረትን «ነይ ልጄ፣ ይቺን ገመድ ንቀይልኝ» አላትና አንዱን ዲስክ አስነቀላት። ኮምፒውተሩ ቀይ ሆኖ ቆመ። ጽሑፉን ምሕረት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «አንድ ነገር ጎድሏል። ምንም አትንኩ። ሰው ጥሩ።»

«ዝርዝሩ ላይ አንደኛው ነው» አለኝ። «አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ።» የማን ዳታ እንደሚጠብቅበት አልጠየቅኩትም። ሱቁ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ሚስቱ ሐዋ እንዳልወለደች ግን ሰው በመጣ ቁጥር እጠይቅ ነበር። አልወለደችም። በየዓመቱ ጠየቅኩ። አልወለደችም።

በሞተ በሦስተኛው ቀን መስቃን ሄድኩ። ምሕረትን ገበያ ነው የምሄደው አልኳት። ሐዋ ከጎኗ ማንም ሳይኖር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ብዙ ሳልቆይ በሩ ጨለመ፤ ዘይቱና ገባች።

ዘይቱና ሐዋ ፊት ተንበረከከች። «ልጄ፣ አውፍ በይኝ። ባልሽን በሐዘኔ ሰዓት ረግሜው ነበር። ሙት አይረገምም። አንስቻለሁ።»

ልቤ እንዴት እንደቀለለ! አነሳችው። ማንንም ሳትጠይቅ፣ እኔ ምንም ሳልናገር አለቀ። ተነስቼ አላህ ያጽናሽ ብዬ መሄድ ነበር የቀረኝ።

ሐዋ ግን ማልቀስ ጀመረች። «እናቴ፣ እኔ ነኝ አውፍ ማለት ያለብኝ። ስንት ዓመት 'ምን አድርገህ ነው ማሕፀኔን ያስዘጋኸው?' እለው ነበር። 'አጥፍቻለሁ' ነው የሚለኝ፤ ሌላ አይናገርም። ጠልቼው ነበር። ጠልቼው ሳለ ነው የሞተው።»

ይህን ሰምቼ መሄድ አልቻልኩም። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። «ሐዋ፣ ባልሽ አልነካም» አልኩ። «እሱ ቡኢ ነበር። አትንኪ ብሎኝ ነበር። የነካሁት እኔ ነኝ። ድንኳኑም ውስጥ ነበርኩ። ለእኔ ልጅ ብሎ ነው አሚን ያለው።»

ሐዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዘይቱና ግን እኔን ነበር የምታየው፤ ስንት ዓመት ገበያ ውስጥ «እንደምን አደርሽ፣ የምሕረት እናት» ስትለኝ እንዳላየችኝ ያህል።

«ያቺ ልጅሽ፣ የሰሚራ ጓደኛ፣ አለች?»

«አለች። አግብታለች። ነፍሰ ጡር ናት።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ዘይቱና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «አልረግምሽም» አለችኝ። «አልመርቅሽምም። አፌን ካንቺ ላይ አንስቻለሁ። ለልጅሽ ንገሪያት፤ ከእኔ ልጅ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት።»

ከመስቃን ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። አፌ እምቢ ስላለኝ ነው መጻፍ የጀመርኩት። ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሏል። ከወለደች በኋላ እላለሁ፤ ደግሞ ምጡ ላይ የሆነች እንደሆነስ እላለሁ፤ ሳትሰማ ብትሄድስ? ብትሰማና ብትሄድስ? ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን ያማታል። ባሏ መኪና ሊፈልግ ወጥቷል።

አሁን ደግሞ «እማ፣ ምንድን ነው ሰሞኑን የምትጽፊው?» አለችኝ።

«ስለ ጋሽ ከይረዲን ነው» አልኳት።

«እሱ ነው እንዴ የሞተው?» አለች። ከዚያ ትራሱን አስተካክላ ጎኗ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«አንብቢልኝ» አለች።